ከሠራዊት የተሰናበተ ተማሪ ደጅ እንዳይጠና፦ የኮሌጅ ሠራተኞችን እንዴት ማሠልጠን ይቻላል?

አሜሪካ ወታደሮቿን ማስተማር የጀመረችው ትናንት አይደለም። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጂ አይ ቢል በሚል ስም የሚታወቀውን ሕግ የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ከ2001 ወዲህ ያገለገሉት የሚማሩበት ደግሞ በ2009 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ጂ አይ ቢል ሲሆን፣ የአገልግሎት ዘመኑን ላሟላ ሰው እስከ 36 ወር የትምህርት ክፍያ፣ ወርኃዊ የቤት አበልና በዓመት እስከ 1,000 ዶላር የመጻሕፍት ገንዘብ ይሰጣል። ይህን ያህል መብት በእጁ የያዘ ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲመላለስ ሴሚስተሩ ሲያልፍበት ማየት ያንገበግባል።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ ኮሌጆች በሬጅስትራር፣ በሒሳብ ክፍል፣ በቤተ መጻሕፍትና በጥበቃ ሥራ ላይ ኢትዮጵያውያን አሉ። በጦሩ ያገለገሉ ልጆቻችንም አሉ፤ በ2009 ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ ተወላጆችን ለመመልመል በተጀመረው መርሐ ግብር አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር።

1. ሥልጠናውን ከመስኮቱ ጀምሩ

ብዙ ኮሌጆች አማካሪዎችንና መምህራንን ብቻ ሰብስበው ስለ ጦርነት ጠባሳ ያስተምራሉ። እኔ በሒሳብ ክፍሉ ገንዘብ ተቀባይ እጀምር ነበር። ተማሪው ከኮሌጁ የመቆየት ተስፋው መጀመሪያ የሚፈተነው እዚያ ነው።

በ2018 የወጣ ሕግ አለ። ተማሪው የብቁነት ማረጋገጫ ደብዳቤውን ካቀረበ፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (በተለምዶ ቪ ኤ የሚባለው) ክፍያውን ስላዘገየ ብቻ ከክፍል ሊወጣ፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ሊጠየቅ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ሊከለከል አይገባም። ጥበቃው ኮሌጁ ምዝገባውን ለመሥሪያ ቤቱ ካረጋገጠ በኋላ እስከ 90 ቀን ይዘልቃል። ይህን የማያውቅ ገንዘብ ተቀባይ ኮምፒውተሩ «ዕዳ አለበት» ስላለው ብቻ ተማሪውን ይመልሰዋል። ስለዚህ ሕጉን በአንድ ገጽ ጻፉና በየመስኮቱ ከውስጥ በኩል ለጥፉት።

2. አንድ ሰዓት ሙሉ ለክሬዲት ቁጥር ስጡ

ሠራተኞቹን ለሁለት ለሁለት አስቀምጡና ይህን ጉዳይ ስጧቸው። ተማሪዋ ሙሉ ጊዜ በሚባለው በ12 ክሬዲት ተመዝግባለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ የቤት ኪራይዋን የምትከፍለው በአበሏ ነው። በአምስተኛው ሳምንት የሒሳብ ትምህርት ከበዳትና እሱን ልትተው መጣች። ምን ትሏታላችሁ?

አብዛኛው ሰው «ፎርሙን ሙዪ» ይላል። ከዚያ ቁጥሩን በሰሌዳው ላይ ጻፉላቸው። በ12 ክሬዲት አበሉ ሙሉ ነው። በ9 ክሬዲት 80 በመቶ ይሆናል። በ7 ክሬዲት 60 በመቶ ይሆናል። በ6 ክሬዲት ግን ምንም የለም፤ አበሉን ለማግኘት ከግማሽ በላይ መማር ያስፈልጋልና። በ7 እና በ6 መካከል ያለችው አንዲት ክሬዲት የአንዲት እናትን የቤት ኪራይ ታስቀራለች። ሁሉንም ትምህርት በኢንተርኔት የሚከታተል ተማሪም የሚያገኘው የአገሪቱን አማካይ የቤት አበል ግማሽ ነው፤ ቢያንስ አንድ ትምህርት በአካል ተገኝቶ የሚማር ግን በኮሌጁ አካባቢ ተመን ይከፈለዋል።

ትምህርቱን መተው የተከፈለ ገንዘብ መልስ የሚያሰኝ ዕዳም ሊያመጣ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 6 ክሬዲት የተወ ተማሪ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይታለፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሕመም ወይም እንደ ቤተሰብ ሞት ያለ በቂ ምክንያት ማስረዳት አለበት። ይህን ሁሉ በቃል ማጥናት የሠራተኛው ግዴታ አይደለም። ማጥናት ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከመፈረምዎ በፊት፣ ምዝገባዎን ለቪ ኤ የሚያረጋግጠው ባልደረባችን ዘንድ አብረን እንሂድ።» «አብረን» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ስልክ ቁጥር ሰጥቶ መሸኘት ተማሪውን መልሶ ደጅ ማስጠናት ነው።

3. የጦር ሠራዊቱን ትራንስክሪፕት ማንበብ አስተምሩ

ለዓመታት ቁስለኛ ሲያክም የኖረ የሕክምና ወታደር የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት እንዲወስድ ሲታዘዝ ምን እንደሚሰማው ለመገመት ወታደር መሆን አያስፈልግም። የምድር ጦር፣ የባሕር ኃይል፣ የማሪንና የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አባላት የወሰዱት ሥልጠና የሚመዘገብበት የጋራ ትራንስክሪፕት አለ፤ የአየር ኃይል ደግሞ ትራንስክሪፕት የሚሰጥ የራሱ ኮሌጅ አለው። የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት እያንዳንዱ ሥልጠና ስንት ክሬዲት ሊያሰጥ እንደሚገባ ምክረ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን ኮሌጁ ነው። ስሙ የተሰወረ አንድ እውነተኛ ትራንስክሪፕት፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር፣ አምጥታችሁ ከትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ጋር መስመር በመስመር አንብቡት።

4. ምን ይጠየቃል፣ ምን አይጠየቅም

«ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው። በክፍል መካከል «አንተ እንኳ ታውቀዋለህ፣ ጦርነቱን ንገረን» ማለትም ከዚያ አይሻልም። ብዙ ወታደር ሞተር ሲጠግን፣ መጋዘን ሲያስተዳድር ወይም ራዳር ሲከታተል አገልግሎ የወጣ ነው። ሁሉንም እንደ ሕመምተኛ ማየት ሌላ ዓይነት ንቀት ነው።

በመመዝገቢያ ፎርሙ ላይ «የቀድሞ ወታደር ነዎት?» ከማለት «በሠራዊት ውስጥ አገልግለው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። በተለይ ሴቶችና የተጠባባቂ ጦር አባላት ራሳቸውን «የቀድሞ ወታደር» ብለው ስለማይጠሩ መብታቸው ሳይነገራቸው ይቀራል።

መምህራን ደግሞ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን በሚያይ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚፈልግ ተማሪ ካለ ይተዉት። ሁለተኛ፣ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ክፍል ለተማሪው ተጨማሪ የፈተና ጊዜ ከፈቀደ፣ መምህሩ ሕመሙ ምን እንደሆነ እንዲነገረው የመጠየቅ መብት የለውም።

5. የጭንቅ ቀን

ሠራተኛው ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅም። ተማሪው ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳስብ ቃል ሲናገር ግን ሠራተኛው በግልጽ መጠየቅ፣ ብቻውን አለመተውና ወደ አማካሪ አብሮ መሄድ አለበት። በስልክ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን ከቀድሞ ወታደሮች የቀውስ መስመር ጋር ሌት ተቀን ያገናኛል፤ በጽሑፍ መልእክት 838255 ነው። ቁጥሮቹን ሁሉም በስልኩ መዝግቦ ከአዳራሹ ይውጣ። ንግግሩንም ጥንድ ጥንድ ሆነው በድምፅ ይለማመዱት፤ አንድ ጊዜ ከአፍ ያልወጣ ቃል በጭንቅ ሰዓት አይመጣም።

6. የቀድሞ ወታደር ተማሪዎች ራሳቸው ያሠልጥኑ

ግን በክፍያ ይሁን። ቪ ኤ ለእነዚሁ ተማሪዎች እየተማሩ የሚሠሩበት የክፍያ መርሐ ግብር አለው። በቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «አረንጓዴ ቀጠና» የሚባል ሥልጠና የወሰደ ሠራተኛ በቢሮው በር ላይ ምልክት ይለጥፋል፤ ተማሪውም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ምልክቱን የለጠፈው ሰው የ7 እና የ6 ክሬዲትን ልዩነት ካላወቀ፣ ምልክቱን አይቶ የገባው ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል።

7. የሥልጠናውን ማደሻ በኅዳር አድርጉት

የቤት አበሉ የሚከፈለው ወሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ በሁለት ሴሚስተሮች መካከል ላሉት የዕረፍት ቀናት ደግሞ አይከፈልም። የመኸሩ ትምህርት በታኅሣሥ አጋማሽ ካበቃ፣ በጥር መጀመሪያ የሚደርሰው ገንዘብ የግማሽ ወር ብቻ ነው፤ የቤት ኪራዩ ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹን ከዕረፍቱ አስቀድማችሁ ሰብስቡ፤ ተማሪዎቹ ይህ ክፍተት እንደሚመጣ ዛሬውኑ ይነገራቸው፤ የኮሌጁ የአስቸኳይ ጊዜ ብድርና ለተቸገረ ተማሪ ምግብ የሚሰጥበት ክፍል በበዓሉ ሳምንታትም ክፍት መሆኑንና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አረጋግጡ።