እንጉዳዩን አትንቀሉት፣ ቆፍሩት

ክረምቱ ጠንከር ሲል፣ በተለይ ፍልሰታ ሲገባ፣ የእንጉዳይ ጥብስ የማያምረው የለም። ከጎንደር ወደ መተማ ወርዳችሁ የዕጣን ዛፍ ያለበት ጫካ ከገባችሁ፣ የምትፈልጉት የኩይሳ እንጉዳይ ነው፤ ምስጥ ከመሬት በታች የሚያሳድገው። ችግሩ ከላይ ላየው ሰው ነጭ ጃንጥላ ሁሉ አንድ ነው፣ የጅብ ጥላውም ጭምር።

ስለዚህ ቢላ ያዙ። አብዛኛው ሰው ጎትቶ ይነቅልና ዋናውን ምልክት አፈር ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። እናንተ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ቆፍሩ። የኩይሳው እንጉዳይ እግር ከመሬት በታች እንደ ካሮት እየቀጠነ ወደ ምስጡ ቤት ይወርዳል፤ አንዳንዱ በጣም ስለሚረዝም ጫፉ ላይ ባትደርሱም አትገረሙ። እግሩ ታች አብጦ፣ የተቀደደ ከረጢት ወይም የእንቁላል ቅርፊት በመሰለ ነገር ውስጥ ተቀምጦ ካገኛችሁት ግን እዚያው ተዉት። ያ የአማኒታ ወገን ምልክት ነው፣ ገዳዮቹም ከዚያ ወገን ናቸው። በስህተት ዘንቢሌ ከገባ እኔ ዘንቢሉን በሙሉ ነው የምደፋው፤ ይቆጨኛል፣ ግን እደፋለሁ።

ሌላው ምልክት የጃንጥላው መሃል ነው፦ የኩይሳው ሹል ጉብታ አለው። እግሩ ላይ ቀለበት አለው የለውም የሚለው አይለይላችሁም። ገና ያልተከፈተውን ደግሞ አትልቀሙ።

ቤት ስትገቡ ብናኙን፣ ማለትም ከጃንጥላው ሥር የሚረግፈውን ዱቄት የመሰለ የእንጉዳይ ዘር፣ እዩ። ጃንጥላውን ከእግሩ ቆርጣችሁ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፣ ብርጭቆ ድፉበትና ይደር። የኩይሳው ሮዝ ይተዋል። አረንጓዴ ከተወ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ የሚባለው ነው፤ ልጅ እያለ ከሥሩ ነጭ ስለሆነ ያሳስታል፣ ሲበሉት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ነጭ ብናኝ ከሆነም ጣሉት። አንዱ ምልክት እንኳ ካልገጠመ አይበላም፣ በቃ።

«ዝንጀሮ ከበላው ለሰውም ይሆናል» የሚሉትን አትስሙ። ከሽንኩርት ጋር ቀቅሎ ቀለሙን ማየትም ዋጋ የለውም። የገዳዩ አማኒታ መርዝ ቢቀቀልም ቢደርቅም አይጠፋም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። ከዚያ ሰውየው የተሻለው ይመስላል፣ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። የተጠራጠረ ሰው ሕመሙ እስኪጀምር አይጠብቅ፤ የተረፈውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ።