«ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ጋር»ን ሳያደናግሩ እንዴት መጻፍ ይቻላል

«በ»፣ «ከ»፣ «ወደ» ከስሙ ፊት ይመጣሉ፤ «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ሥር»፣ «ጋር»፣ «ድረስ» ደግሞ ከኋላ ይቆማሉ። ስህተት የሚበዛው ሁለቱን ስናጣምር ነው።

መጀመሪያ ግሡን እዩ። መጽሐፉ እዚያው ካለ «መደርደሪያው ላይ ነው» ይበቃል፤ «በ» ብትጨመርም ብትቀርም ያው ነው። ካነሳችሁት ግን «ከመደርደሪያው ላይ አነሳሁት» በሉ፤ ይህቺ «ከ» አትቀርም። ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ደግሞ «ከመደርደሪያው በላይ» ነው።

ቅጽል ካለ «በ»ም፣ «ሳጥኑ» ሲባል መጨረሻው ላይ የሚሰማው «ኡ»ም ወደ ቅጽሉ ይሄዳሉ፦ «በትልቁ ሳጥን ውስጥ»። «የ» ያለበት ሐረግ ሲሆን «የ» ትዋጣለች፦ «የአስቴር ቤት» ብሎ «በአስቴር ቤት ውስጥ»፣ «የገዛሁት ሳጥን» ብሎ «በገዛሁት ሳጥን ውስጥ»። «በየ» ሌላ ሥራ አላት፤ «በየቤቱ» ማለት በእያንዳንዱ ቤት ነው።

አስቸጋሪው «ጋ» እና «ጋር» ነው። «እናቴ ጋ ሄድኩ» ማለት እሷ ወዳለችበት ሄድኩ፣ «ከእናቴ ጋር ሄድኩ» ማለት አብረን ሄድን ነው። «ከእናቴ ጋ መጣሁ» እና «ከእናቴ ጋር መጣሁ» ደግሞ የሚለዩት በአንዲት «ር» ብቻ ነው፦ የመጀመሪያው ከእሷ ቤት፣ ሁለተኛው ከእሷ ጋር አብሮ። በወሬ ላይ ብዙ ሰው ለሁለቱም «ጋር» ይላል፤ ሰሚው ከሁኔታው ስለሚረዳ ችግር የለውም። አንባቢ ግን «እናቴ ጋር ሄድኩ» የሚል ሲያገኝ ቆም ይላል። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ቃሉን አውጥታችሁ «ዘንድ» ተኩበት። ከገጠመ «ጋ» ነው። «አብሬ» የሚል ሊጨመርበት ከቻለ «ጋር» ነው።

ግስ ሲከተል፦ «ከመሄድህ በፊት»፣ «ከሄድክ በኋላ»፣ «እስክትሄድ ድረስ»። «ከሄድክ በፊት» አይባልም። «ሳትሄድ በፊት» የሚሉ አሉ፤ «ሳትሄድ» ብቻዋን ስለምትበቃ «በፊት» ትርፍ ናት።

ቀጠሮ ስትጽፉ ደግሞ «ከ3 ሰዓት በፊት» ተጠንቀቁበት። ሰዓቱ 3 ሳይሞላ ነው ወይስ 3 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ? ለመጀመሪያው «3 ሰዓት ሳይሞላ»፣ ለሁለተኛው «ከ3 ሰዓታት በፊት» ብላችሁ ለዩት።