አንባውንድ ሰርቭፌይል ብቻ ሲመልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ

የአንባውንድን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚፈታው የዲኤንኤስ ሰርቨር) ፓኬጅ የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ከድሬዳዋም ከሐረርም አቤቱታ ይደርሰኛል። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «አፕዴት ካደረግን በኋላ ኢንተርኔቱ ሞተ።» ኬብሉን፣ ራውተሩን፣ ሰርቪሱ መነሳቱን አይታችኋል ብዬ ልለፈው።

ምልክቱ

መብራት ጠፍቶ ይመጣል። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ሰርቪሱም ይሠራል። ወደ 1.1.1.1 ፒንግ ይሄዳል፤ በስም የሚከፈት ግን አንድም ገጽ የለም። በዲግ (የዲኤንኤስ መጠየቂያ ትዕዛዝ) ስትጠይቁ ሰርቭፌይል፣ ማለትም «መልስ መስጠት አልቻልኩም»፣ ይመልሳል። ያንኑ ጥያቄ «ፕላስ ሲዲ» ጨምራችሁ ድገሙት፤ ፊርማውን ሳትመረምር መልስልኝ ማለት ነው። አሁን መልስ ከመጣ መስመሩም ፓኬጁም ጤነኛ ናቸው፤ የወደቀው የዲኤንኤስሴክ ምርመራ ነው፤ የዲኤንኤስ መልስ እንዳልተጭበረበረ በፊርማ የሚያረጋግጠው ማለት ነው። ቀጥላችሁ ዴት ብላችሁ ቀኑን እዩ። ከአስር ዘጠኙ እዚህ ላይ ያልቃል።

ምክንያቱ

እያንዳንዱ የዲኤንኤስሴክ ፊርማ የሚጸናበት መጀመሪያና መጨረሻ ጊዜ ተጽፎበታል። የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ ከሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዛሬ የወጣው ፊርማም ለማሽኑ ገና ያልተፈረመ ይሆንበታል። ኤንቲፒ (ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያመጣው) እንዳያስተካክለው የኤንቲፒ ሰርቨሩን ስም የሚፈታለት ይኸው አንባውንድ ነው። አንባውንድ ደግሞ ሰዓቱ ሳይስተካከል ምንም አይፈታም። ሁለቱ ሲጠባበቁ ይውላሉ፤ ሪስታርት ብታደርጉት፣ ፓኬጁን አጥፍታችሁ ብትጭኑት ለውጥ የለም።

1970 ስላላያችሁ ብቻ ሰዓቱ ልክ ነው አትበሉ። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው) ሲነሳ ሰዓቱ እጅግ ወደ ኋላ ከቀረ ራሱ ሲስተምዲ ወደተሠራበት ጊዜ፣ ወይም የሰዓት ማስተካከያው ታይምሲንክዲ መጨረሻ ወዳስቀመጠው ሰዓት ያመጣዋል። ስለዚህ የምታዩት ቀን ትክክለኛ ሊመስል ይችላል። ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንና ቀኑንም አንብቡ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ላብራቶሪው ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት የገጠመው ይኸው ነው። ሰርቨሩ ራስበሪ ፓይ 4 ነው፤ በራሱ ባትሪ የሚሄድ ሰዓት የለውም። ዓመቱ ልክ ነበር፣ ወሩ ግን ሰኔ ላይ ቆሟል። ሦስት ሰው ዓመቱን አይቶ አልፎታል።

ሌላው ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ያለ ኢንተርኔት ቤት ነው። ባለቤቱ «አቦ፣ መስመሩ ተቆርጧል» እያለ ወደ መስመር አቅራቢው ሲደውል ሰንብቷል፤ ስልኩ ላይ ያለው ዳታ ግን እንደ ልብ ይሠራል። ባትሪው ጤነኛ ነበር። አንድ ሠራተኛ ደረሰኝ ላይ የሚታተመው ቀን በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን ብሎ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ ሞልቶታል። ይህን አታድርጉ! ሰርቨር የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንባውንድ የሚታገሠው ከፊርማው ዕድሜ 10 በመቶ ያህል፣ ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልታችሁ ስድስት ሰዓት ብታዛቡት አብዛኛውን ጊዜ ይታለፋል፤ ሰባት ዓመት ግን አይታለፍም። የእኛን ቀን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈለጋችሁ በፕሮግራሙ ላይ አስተካክሉ፣ ባዮሱን አትንኩ።

መፍትሄው

ሰዓቱን በዴት ትዕዛዝ በእጅ አስተካክሉ። ታይምዴትሲቲኤል አውቶማቲክ ማስተካከያው በርቷል ብሎ እንቢ ሊላችሁ ይችላል። ከዚያ ኤችደብሊውክሎክ ብላችሁ ወደ ማዘርቦርዱ ሰዓት ጻፉት፤ ብዙ ሰው ይህችን ይዘልና በሚቀጥለው መብራት መጥፋት ተመልሶ ይደውላል። አንባውንድን ሪስታርት አድርጉ፣ ዲግን ያለ ፕላስ ሲዲ ሞክሩ።

ባትሪውን ቀይሩ። አዲስ ሲአር2032 ሜትር ላይ ከ3 ቮልት በላይ ማሳየት አለበት። ከድሬው ታይዋን ገበያ ስትገዙ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ለኩ፤ ከማሸጊያው ሳይወጣ 2.7 የሚያሳይ ባትሪ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። የድሬ ሙቀት ለነዚህ ባትሪዎች ጠላት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ ያለ ሰርቨር ከሌላው ቀድሞ ባትሪ ይበላል።

ከዚያ ክሮኒ (የኤንቲፒ ፕሮግራም) ላይ ቢያንስ አንድ የሰዓት ሰርቨር በስም ሳይሆን በአይፒ አስገቡ። ክላውድፍሌር 162.159.200.1 እና 162.159.200.123 ላይ ሰዓት ይሰጣል። «ሜክስቴፕ 1.0 3» የሚለውን መስመርም ጨምሩ፤ ከአንድ ሰከንድ በላይ ስህተት ካለ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ንባቦች ውስጥ ሰዓቱን በአንዴ ያዘልለዋል። ያለ እሱ ሰዓቱ ቀስ እያለ ይንፏቀቃል። የኤንቲፒ ሰርቨሩን በስም መጥራት ግድ ከሆነባችሁ «ዶሜይን ኢንሴኪዩር» በሚለው መስመር ኤንቲፒ ዶት ኦርግን ብቻ ከምርመራ አውጡ።

ብቻ የሚለውን አስምሩበት። ኮንፊጉ ውስጥ ቫሊዴተር (ፊርማ መርማሪው) የሚለውን ቃል ሰርዞ «ተስተካከለ» የሚል ባለሙያ ብዙ ገጥሞኛል። አዎ፣ ገጹ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ግን የተጭበረበረ መልስ ቢመጣ የሚያቆመው የለም፣ የሰረዘው ሰውም ተመልሶ አይጽፈውም። በእንዲህ ዓይነት ኮንፊግ ላይ ለሚመጣ አቤቱታ ቫሊዴተሩ እስኪመለስ መልስ አልሰጥም።

ሌሎቹ

የሥር ቁልፍ ፋይሉ (የዲኤንኤስሴክ ምርመራ ሁሉ የሚጀምርበት ቁልፍ)፣ ሩት ዶት ኪ፣ ባለቤቱ አንባውንድ የሚባለው ተጠቃሚ መሆን አለበት፤ ማውጫውም ጭምር፣ ምክንያቱም አዲሱን ፋይል ጎን ጽፎ ነው የሚተካው። አንድ ሰው ፋይሉን በሩት ኮፒ ካደረገው ለጊዜው ይሠራል፣ ቁልፉ ሲቀየር ግን ይቆማል። በፈረንጆቹ 2018 የሆነው ቅያሬ አልፏል። ቀጣዩ የተያዘው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ቀን 2026፣ በእኛ ጥቅምት 1 ቀን 2019 ነው። ፋይሉን ክፈቱና በዚያ ቅያሬ ከገባው ቁልፍ መለያ ቁጥር 20326 ጎን የአዲሱ፣ 38696፣ መኖሩን እዩ። ከሌለ ባለቤትነቱን አስተካክላችሁ የሥር ቁልፉን የሚያመጣውን ትዕዛዝ፣ አንባውንድ አንከርን፣ በእጅ አስነሱ። አንባውንድ አዲስ ቁልፍን ለማመን 30 ቀን ማየት አለበት፤ ቅዳሜና እሑድ የሚጠፋ ማሽን ላይ እስከ መስከረም አትጠብቁ።

ትልልቅ መልሶች ብቻ ከቀሩ የኢዲኤንኤስ መጠኑ (በአንድ ፓኬት የሚመጣው ትልቁ መልስ፣ በባይት) 1232 መሆኑን አረጋግጡ፤ የቆየ ኮንፊግ 4096 ይዞ ይቀራል።

ዞን (የራሳችሁን ዶሜይን የስም መዝገብ) የምታስተናግዱ ከሆነና ሁለተኛው ሰርቨር አዲሱን መዝገብ ካልወሰደ ሴሪያሉን፣ መዝገቡ በተቀየረ ቁጥር የሚጨምረውን ቁጥር፣ እዩ። አንዱ በፈረንጅ ዓመት፣ ሌላው በእኛ ዓመት ጀምሮ ከጻፈው ቁጥሩ ያንሳል፤ ያነሰውን ሁለተኛው ሰርቨር አይቀበልም።

«ፖርት 53 ተይዟል» ካለ ኡቡንቱ ላይ የያዘው የራሱ ስም ፈቺ፣ ሲስተምዲ ሪዞልቭድ፣ ነው፤ ዲኤንኤስ ስተብ ሊስነር የሚለውን ኖ አድርጉና ሪስታርት።