ልጅ እያስታመሙ የቤተሰብ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ደብተሩ ትንሽ ይሁን። እኔ ባሕር ዳር ልጄን ሳስታምም መጀመሪያ ትልቅ አጀንዳ ገዛሁ፤ ሁለት ሳምንት ባዶውን ከረመ። የሠራልኝ የተማሪ ደብተር ነው፣ ከቴርሞሱ ጎን የሚቀመጥ።

ከፊት የቤተሰቡን ታሪክ ጻፉ። ገልብጡትና ከኋላ መድኃኒቱን፣ ሰዓቱን፣ ትኩሳቱን መዝግቡ። ሐኪም “መቼ ጀመረው?” ሲል ከኋላ ነው የምትመልሱት። ሁለቱ እንዳይደባለቁ።

መጀመሪያ ስም። ከልጁ ተነስታችሁ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩ። በእናት በኩል ብዙዎቻችን ሦስተኛው ላይ እንቆማለን። የክርስትና ስም ካለ አጠገቡ ይግባ።

ቀጥሎ ጠያቂ። ዘመድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ “እግዜር ይማርልሽ” ይላል፣ ከዚያ ወሬ ያልቅበታል። ያኔ ጠይቁት። “አያታችን ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?” አትበሉ፤ “ደግ ሰው ነበሩ” ይላችኋል፣ አለቀ። እኔ ከዘጌ የመጣችውን አክስቴን “ታንኳቸውን ማን ሠራላቸው?” አልኳት። ነጠላዋን አስቀምጣ ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉ፣ እንዴት እንደሚታጨድ፣ እንደሚደርቅ፣ ተጠቅሎ እንደሚታሰር በእጇ አሳየችን። ታንኳው ውሃ ስለሚጠጣ ከሐይቁ ሲመለስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል አለች። ሁለት ቀን ዝም ብሎ የነበረው ልጄ ቀና አለና “አይሰምጥም?” አላት። ጥያቄውን ከነቀኑ ጻፍኩት።

ዓመተ ምሕረት ከጠፋ በክስተት ያዙት። በ1966 አብዮት ስንት ዓመትሽ ነበር? በ77 ድርቅ አግብተሽ ነበር? ዘመዶች ካልተስማሙ ሁለቱንም ጻፉ፣ ዳኛ አትሁኑ።

አንድ ችግር አለ። ጠያቂ ማን በምን በሽታ እንደሞተ መተረክ ይወዳል። ልጁ ይሰማል፣ የተኛ ቢመስልም። እኔ “ነይ ቡና እናፍላ” እያልኩ ይዣት እወጣለሁ፤ ያንን ታሪክ ጓዳ ውስጥ ነው የምጽፈው።

የደከማችሁ ቀን አንድ መስመር ይበቃል። ካልሆነም አስፈቅዳችሁ በስልክ ድምፅ ቅዱ። ገጾቹን ፎቶ አንስታችሁ ለእህት ወይም ለወንድም በቴሌግራም ላኩ፤ እኛ ቤት ሻይ የተደፋበት ገጽ በዚህ ተርፏል።

እስክሪብቶውን ለልጁም ስጡት፣ ሲችል። እሑድ አክስቴ ተመልሳ ትመጣለች። ለእሷ በተተወው ገጽ ላይ በልጄ የተንጋደደ ፊደል “አንድ ታንኳ ስንት ሰው ይይዛል?” ተብሎ ተጽፏል።