በፕሮጀክት ሰርቨር ላይ የተበላሸ ኢንተርፕራይዝ ግሎባልን እንዴት መመለስ ይቻላል

አንድ ሰኞ ጠዋት የምሠራበት ድርጅት መሐንዲሶች ተራ በተራ ደወሉልኝ። የማይክሮሶፍትን የሥራ ዕቅድ ማውጫ ፕሮግራም፣ ፕሮጀክት ፕሮፌሽናልን ሲከፍቱ የማክሮ (በራሱ የሚሠራ የትእዛዝ ስብስብ) ስህተት መልእክት ይመጣባቸዋል፤ እሺ ብለው ሲያልፉት የለመዱት የሳምንታዊ ሪፖርት ቪው (መረጃው የሚታይበት ገጽታ) የለም። አንድ ሰው ጋ ብቻ ቢሆን ኮምፒውተሩን እጠረጥር ነበር። ሁሉም ጋ ስለሆነ ግን የተበላሸው ሁሉም የሚጋሩት ቴምፕሌት፣ ኢንተርፕራይዝ ግሎባል መሆኑን ወዲያው ገመትኩ። የድርጅቱ ቪዎች፣ ቴብሎች፣ ፊልተሮችና ማክሮዎች የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ ሰው ከፕሮጀክት ሰርቨሩ (የድርጅቱ ዕቅዶች በጋራ ከሚቀመጡበት) ጋር በተገናኘ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ ይወርዳሉ።

ግምቴ ልክ ነበር። ነገር ግን ቸኩዬ የቆየ ባክአፕ በላዩ ስለመለስኩበት የሁለት ሳምንት ሥራ ጠፋብኝ። ስለዚህ ሪስቶር (ከባክአፕ መመለስ) የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት የሚቀድሙትን ነገሮች ጠበቅ አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ለዩ። ፕሮጀክት ፕሮፌሽናልን ስትከፍቱ ከሰርቨሩ አካውንት ይልቅ «ኮምፒውተር» የሚለውን ምረጡ። ያኔም ችግሩ ካለ የተበላሸው የራሳችሁ ግሎባል ዶት ኤምፒቲ (ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው የግል ቴምፕሌት) ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙን ዝጉና የፋይሉን ስም ቀይሩት፤ ፕሮጀክት ሲከፈት አዲስ ይፈጥራል። (አትሰርዙት፤ የራሳችሁ ቪዎች በውስጡ አሉ።) ችግሩ ከሰርቨሩ ጋር ስትገናኙ ብቻ ከመጣ፣ ያላስቀመጣችሁት ሥራ እንደሌለ አረጋግጣችሁ የፕሮጀክትን ካሽ (ከሰርቨሩ የወረደውን ጊዜያዊ ቅጂ) አጽዱና እንደገና ተገናኙ። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ሞክሩ። ሁለት ንጹሕ ኮምፒውተሮች ላይ ያው ስህተት ከታየ ጥፋቱ ሰርቨሩ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ደህና የሆነውን አውጡ። ማክሮ ከጠረጠራችሁ በትረስት ሴንተር (የፕሮግራሙ የደህንነት ቅንብር) ውስጥ ማክሮ እንዳይሠራ አድርጉ። ቀጥሎ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ማኔጅ ግሎባል ቴምፕሌት፣ ኦፕን ኢንተርፕራይዝ ግሎባል በሚለው መንገድ ግቡ። ሌላ ሰው ቼክአውት አድርጎት (ለማስተካከል ከፍቶ ይዞት) ከሆነ ጠይቁትና ይዝጋው፤ ሰውየው ከሌለ ፎርስ ቼክኢን ይደረግለት (ሰርቨሩ ላይ በግድ ይለቀቅ)። ሲከፈት ባዶ ፕሮጀክት አዘጋጁና ኦርጋናይዘርን (ቪዎችንና የመሳሰሉትን ከፋይል ወደ ፋይል መገልበጫውን) ክፈቱ፤ በአንድ በኩል ቼክድ አውት ኢንተርፕራይዝ ግሎባልን፣ በሌላው በኩል ባዶውን ፕሮጀክት አድርጋችሁ ቪው፣ ቴብል፣ ፊልተርና ግሩፕ በየተራ ኮፒ አድርጉ። ቪውን ብቻ ወስዳችሁ ቴብሉን ብትተዉት ቪው የሚታየው ጎደሎ ሆኖ ነው። ይህን ፋይል በደንብ አስቀምጡት።

እዚህ ላይ ሥራው ሊያልቅም ይችላል። የተበላሸው አንድ ሞጁል (የማክሮ ኮድ) ወይም አንድ ቪው ብቻ ከሆነ እዚያው ኦርጋናይዘር ውስጥ ሰርዙት፣ ሴቭ አድርጉ፣ ዝጉት። የእኔም እንዲህ ሊፈታ ይችል ነበር።

ቴምፕሌቱ ጭራሽ አልከፈት ካለ ግን ሪስቶር ታደርጋላችሁ። በ2010 እትም በፕሮጀክት ዌብ አፕ ሰርቨር ሴቲንግስ፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ በሴንትራል አድሚኒስትሬሽን በኩል አድሚኒስትሬቲቭ ሪስቶር የሚለውን ፈልጉ። ከዝርዝሩ ኢንተርፕራይዝ ግሎባልን ብቻ ምረጡ። ሥራው ወደ ኪው (ወረፋ) ስለሚገባ ማኔጅ ኪው ጆብስ ላይ ገብታችሁ መጠናቀቁን እዩ። የገናና የጥምቀት ዕረፍት የገባበት የድርጅቱ ካላንደር ከዚህ ጋር አይመለስም፤ እሱ ከሪሶርስ ፑል (የሠራተኞችና የዕቃዎች ዝርዝር) ጋር ለብቻው ነው። ከስተም ፊልዶችም (ድርጅቱ ራሱ የፈጠራቸው የመረጃ መስኮች) ለብቻቸው ናቸው።

ባክአፕ ተይዞ ካልነበረ የቀረው መንገድ ዳታቤዙ ነው። በ2007ና በ2010 አራት ዳታቤዞች ነበሩ፤ በ2013 አንድ ሆኑ፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ መረጃው ሼርፖይንት ኮንቴንት ዳታቤዝ ውስጥ ነው። እባካችሁ የቆየውን ዳታቤዝ በሚሠራው ሰርቨር ላይ አትመልሱት፤ የሁሉም ሰው ፕሮጀክት አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሙከራ ሰርቨር ላይ አንሡት፣ ቪዎቹን በኦርጋናይዘር ወደ ፋይል አውጡ፣ ፋይሉን ይዛችሁ ወደ ዋናው ኑ።

ከተመለሰ በኋላ ሁሉም ሰው ፕሮጀክት ፕሮፌሽናልን ዘግቶ እንደገና ይክፈት፤ ካልዘጋ የሚያየው አሮጌውን ነው። ቀድማችሁ ያወጣችኋቸውን አዳዲስ ቪዎች አንድ በአንድ መልሱ፤ አንዱን ባስገባችሁ ቁጥር ሴቭ አድርጋችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት። ማክሮዎቹን መጨረሻ ላይ አስገቡ። በዚያው ቀን ዴይሊ ስኬጁል ባክአፕ ላይ ግቡና ከኢንተርፕራይዝ ግሎባል ትይዩ ያለው ምርጫ «ኔቨር» ላይ ከሆነ ወደ «ስኬጁል» ቀይሩት፤ ሰዓቱንም መሐንዲሶቹ ሥራ በማይገቡበት ሌሊት ላይ አድርጉት።