ረቂቁን አሳድሩት፣ ዳሩ ላይ ጻፉበት

ኮሌጅ ገብታችሁ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ኮርስ የምትወስዱ፣ ይቺን ዘዴ ሞክሯት። የድርሰቱን ረቂቅ ጨርሳችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት ከእያንዳንዱ አንቀጽ ዳር ሐሳቡን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ የዳሩን ብቻ አንብቡ። አንቀጹ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልገለጽ ካለ፣ ለሁለት ክፈሉት። ሁለት አንቀጾች አንድ ነገር የሚሉ ከሆነ አንዱ ይውጣ፤ ብትደክሙበትም።

ዋናውን ሐሳብም በደንብ ፈትሹት። «ስልክ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብትሉ ማን ይከራከራችኋል? የምታስረዱት ነገር አይኖርም። «ስልክ ክፍል ውስጥ መከልከል የለበትም» ስትሉ ግን «ለምን?» የሚል አንባቢ ይመጣል። አንቀጾቹ ለእሱ መልስ ይስጡ። መግቢያውን እኔ ሁሌም ከዚህ በኋላ ነው የምጽፈው።