ከምጣዱ በፊት ሶኬቱን ይመልከቱ፦ በቤትና በሥራ ቦታ የሚደጋገሙ የኤሌክትሪክ ስህተቶች

ምጣድ በዲቫይደር ላይ መሰካት። ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ወደ ቤታችን የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ነው። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ይመጣል። የግድግዳ ሶኬት አቅም በተለምዶ 16 አምፔር ሲሆን ብዙ ዲቫይደሮች ደግሞ 10 ብቻ ይችላሉ። እንጀራ በአምስት ደቂቃ ተጋግሮ አያልቅም፤ ሶኬቱ ያንን ሁሉ ጭነት ለሰዓታት ተሸክሞ ይቆያል። የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን በሽቦውና በመጋጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የጠቆረ ሶኬት፣ የለሰለሰ ፕላስቲክ፣ የመቃጠል ሽታ የሚመጡት ከዚህ ነው። የጠቆረውን ሶኬት አውጥቶ በቦታው ተመሳሳዩን መግጠም መፍትሔ አይደለም። ምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር፣ ማለትም አምፔር ሲበዛ ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ፣ ያስፈልገዋል። እባክዎ በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ።

«250 ቮልት» የሚለውን ጽሑፍ በተሳሳተ መንገድ መረዳት። ሶኬት ቮልት አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ጽሑፉ ሶኬቱ የተሠራለትን የቮልት ጣሪያ ይናገራል። ለጭነቱ መታየት ያለበት አጠገቡ የተጻፈው የአምፔር ቁጥር ነው።

ብሬከር ሲወድቅ በትልቅ መተካት። ብሬከር በዋናነት የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ የነበረውን ባለ 16 አምፔር ብሬከር አውጥቶ ባለ 32 የሚገጥም ሰው መውደቁን አስቀርቷል፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ቀድሞ የሚግለው ሽቦው ይሆናል። ደጋግሞ የሚወድቅ ብሬከር ጭነቱ እንዲከፋፈል ወይም ብልሽቱ እንዲፈለግ እየጠየቀ ነው።

ከውጭ የመጣን ዕቃ ሶኬቱን ብቻ አስተካክሎ መሰካት። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ጁስ መፍጫ ወይም ፀጉር ማድረቂያ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (ኃይሉ በሰከንድ ለሚመላለስበት ቁጥር) የተሠራ ነው። በ220 ቮልት ላይ ሲሰካ ማሞቂያው ከታሰበለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይስባል፤ በዚያው ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ግን «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለበትም። ለሌላው ቮልት የሚቀንስ፣ አቅሙ ከዕቃው ዋት የሚበልጥ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እርሱም ቢሆን የእኛን 50 ኸርዝ ወደ 60 አይለውጥም፤ ስለዚህ አንዳንድ ሞተሮች ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ይግላሉም። ከዱባይ የሚመጣው ዕቃ በቮልት ይስማማናል። የእርሱ ጣጣ ሌላ ነው፦ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር መሰኪያውን ቆርጦ ባለ ሁለት እግር የሚያስር ሰው፣ በመሰኪያው ውስጥ የነበረውን ፊውዝና የመሬት መስመሩን (ዕቃው ሲበላሽ ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ) አብሮ ይጥላል። ልብስ ማጠቢያን ወይም ውኃ ማሞቂያን የመሰለ አካሉ ብረት የሆነ ዕቃ ያለ መሬት መስመር መጠቀም በሰው ሕይወት መፍረድ ነው።

ባለ ሦስት ፌዝ መስመርን ኒውትራሉን ሳያስፈትሹ መጠቀም። ፌዝ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ ኒውትራል ደግሞ የሚመልሰው ሽቦ ነው። በዳቦ ቤት፣ በወፍጮ ቤትና በእንጨት ሥራ ቤት በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት፣ በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ከላላ ወይም ከተበጠሰ ይህ ሚዛን ይፈርሳል፤ ጭነቱ የቀለለበት ፌዝ ላይ ያሉ ፍሪጅና ኮምፒውተሮች ወደ 380 የተጠጋ ቮልት ሊደርስባቸው ይችላል። ተራው ብሬከር የሚከታተለው አምፔርን ስለሆነ በዚህ ጊዜ አያድናቸውም። ቮልት ሲበዛ ወይም ሲያንስ የሚቆርጥ መከላከያ፣ ለወፍጮው ሞተር ደግሞ አንድ ፌዝ ሲጠፋ የሚያጠፋ ሪሌ ማስገጠም ይገባል። ከአምፖሎቹ አንዳንዶቹ ከልክ በላይ ደምቀው ሌሎቹ ሲደበዝዙ ካዩ ዋናውን ብሬከር ወዲያው ያጥፉ፤ ባለሙያ መጥቶ ኒውትራሉን ሳያይም መልሰው አያብሩ።